በር ላይ የቀሩ ጠያቂዎች

በ2009 ዓ.ም. ክረምት ታናሽ እህቴ ሆስፒታል ተኛች። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አልጋዋን ከቦ የቆመውን ሰው ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ነበርን። ብርቱካን የያዘ አለ። አጥሚት በፔርሙዝ የያዘ አለ። ከሰንበቴ ዳቦ አስቆርጦ የመጣም ነበር። ነርሷ ሦስት ጊዜ ገብታ "እባካችሁ ቀነስ በሉላት" አለችን። አንድ ሲወጣ ሁለት ይገባል። እህቴ ፊቷም እግሯም አብጦ ለእያንዳንዱ ሰው "እግዜር ይስጥልኝ" ስትል ዋለች። ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ፣ ዓይኗ ሊከደን ሲል፣ "እታለም፣ ለካ ሰው አለኝ" አለችኝ።

ያቺ ቃል እስካሁን ከእኔ ጋር አለች።

እኛ ዘንድ የታመመን መጠየቅ ትንሽ ነገር አይደለም። የመጣው ይቆጠራል፤ የቀረውም ይቆጠራል። "ታምሜ ሳይጠይቀኝ ቀረ" የተባለ ሰው ለመታረቅ ሽማግሌ ሊያስፈልገው ይችላል። ታዲያ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ኮሮና መጣ። ያኔ ለእህቴ የሚደረግላት ትልቁ ነገር አለመምጣት ሆነ። ይህን ለመማር ጊዜ ፈጅቶብናል። እኔ ደግሞ በመሃል ክፉኛ ተሳስቻለሁ።

ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምንላት፤ እዚህም ሚጣ ልበላት። ሕመሟ ሉፐስ ይባላል። ሰውነታችን ከጀርም የሚጠብቀን የራሱ መከላከያ አለው። በሉፐስ ጊዜ ያ መከላከያ ይሳሳትና የገዛ ሰውነቱን ያጠቃል። መገጣጠሚያን፣ ቆዳን፣ ደምን፣ ኩላሊትን፣ አንዳንዴም ልብና ሳንባን። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ገደማ ሴቶች ናቸው። አብዛኞቹን የሚጀምራቸውም በወጣትነታቸው፣ ለመማርና ለመውለድ በደረሱበት ዕድሜ ነው። ስሙ ከላቲን የመጣ ነው፤ ተኩላ ማለት ነው። ሐኪሟ ይህን ሲነግሩን እማዬ ትንሽ አሰበችና "ተኩላስ ከውጭ ነው የሚመጣው። ይሄ የገዛ ጌታውን የሚነክስ ውሻ ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሙ ውሻው ሆነ። ሚጣ ስትደክም "ዛሬ ውሻው ተነሥቷል" እንላለን።

ስሙ እስኪታወቅ ሁለት ዓመት ፈጀ። መጀመሪያ ታይፎይድ ተባለ። ቀጥሎ ብርድ ነው፣ ሪህ ነው፣ አለርጂ ነው ተባለ። ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይሏታል። ጸጉሯ ይረግፋል። ፀሐይ ስትመታት ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ጉንጯ ላይ የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስል ቅላት ይወጣባታል። ይህን ሕመም ለማከም የሠለጠኑ ሐኪሞች በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እኛ አዲስ አበባ ሆነን ሁለት ዓመት ከፈጀብን ከክፍለ አገር የሚመጣው ምን ይበል?

ከባዱ ነገር ደግሞ ሕመሙ አለመታየቱ ነው። በደህናዋ ቀን ያያት ሰው "ምንም አትመስይም እኮ" ይላታል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት ፊት ያሳብጣል። ሰፈር ውስጥ "ወፈርሽ፣ ተመቸሽ አይደል?" ያሏት ቀን ቤት ገብታ መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው። ክፋት የለባቸውም፤ አያውቁም። ግን በማያውቁት ነገር ላይ ዝም ማለትም ይቻል ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አርብ ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው ያን ቀን ነው። ሚጣ ከሥራ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። አንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ውሻውን ለማሰር ከምትወስዳቸው መድኃኒቶች ሁለቱ፣ ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን፣ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማሉ። ስለዚህ ለተላላፊ በሽታ በሯ ክፍት ነው። መድኃኒቱን ብታቆም ደግሞ ሕመሙ ይነሣባታል። ፕሬድኒሶሎንን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ማቆሙ በራሱ ሕይወት ላይ አደጋ ነው፤ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ትቶ ይቆያልና። ሐኪሟን በስልክ አገኘናቸው። "ምንም እንዳታቆሚ፤ ሰው ከሚበዛበት ራቂ፤ ትኩሳት ካለ ደውዪልኝ" አሉ። በዚያ ሰሞን ከሰማነው ወሬ ሁሉ የጠቀመን ይህ ነበር።

ምክሩ ግን ጎረፈ። ቴሌግራም ላይ፣ ፌስቡክ ላይ፣ ስልክ ላይ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ማር፣ ጤና አዳም። ሁሉም "ኢሚዩኒቲሽን ከፍ አድርጊ" ይላታል፤ የሰውነት መከላከያሽን ማለታቸው ነው። አንዷ ጓደኛዋ አንድ ኪሎ ፌጦ በሰው ላከችላት። ሚጣ ኩርቱውን ይዛ ወጥ ቤት ቆማ "የኔ እኮ ከፍ ብሎ ነው የሚያመኝ" አለች። ሌላው ፀሐይ ሙቂ፣ ቫይረሱ ሙቀት አይችልም ይላታል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው። ሚጣ ፀሐይ ላይ ከቆየች ሳምንት ትተኛለች። በፍቅር የተላከ ምክር ሁሉ ለእሷ ምክር አልነበረም።

ሦስተኛው መድኃኒቷ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ነው። ከወባ መድኃኒት ቤተሰብ ነው። ለሉፐስ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በፈረንጆቹ 1955 ነው፤ አሮጌና ርካሽ መድኃኒት ነው። ለሉፐስ ታማሚ ግን እንደ እንጀራ ነው። ሕመሙ እንዳይነሣ ይይዛል፤ ኩላሊትንም ይጠብቃል። መጋቢት 10 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ይህን መድኃኒት ለኮሮና ተስፋ ሰጪ ነው ብለው አወደሱት። ያን ምሽት ዜናውን አብረን አየን። ወንድሜ ደስ ብሎት "ያንቺ መድኃኒት እኮ ነው!" አላት። እሷ አልሳቀችም። "ነገ መድኃኒት ቤት ሂዱልኝ" አለች።

ልክ ነበረች። በማግስቱ ከፒያሳ ጀምሬ እስከ ተክለሃይማኖት ድረስ ሄድኩ። አንዱ "ትናንት ማታ አለቀ" አለኝ። ሌላው "ስንት ፓኬት ትፈልጊያለሽ?" ብሎ ዋጋውን ሲነግረኝ ከለመድነው ሦስት እጥፍ ነበር። ወረፋው ላይ ከፊቴ የቆሙ ሰው አምስት ፓኬት ጠየቁ። ታማሚ አለብዎት ወይ አልኳቸው። "የለም፣ ለማንኛውም ብዬ ነው" አሉኝ። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም፤ ፈርተዋል። እኔ ግን ያን ቀን አለቀስኩ። የእሳቸው "ለማንኛውም" የእህቴ ኩላሊት ነበር።

መጋቢት 16 ደግሞ ህንድ መድኃኒቱ ከአገሯ እንዳይወጣ ከለከለች። ከዓለም ትልቋ አምራች እሷ ናት። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ቢላላም ክልከላው ለኛ ትልቅ ድንጋጤ ነበር። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው አክስታችን ጋ ደወልን። እዚያም እጥረት ተፈጥሯል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መድኃኒቱን ለኮሮና ሕክምና በአስቸኳይ ፈቃድ ፈቅዶት ነበር፤ ወዲያው እጥረት ካለባቸው መድኃኒቶች መዝገብ ላይም አሰፈረው። አክስቴ አንዲት ሉፐስ ያለባት የቤተክርስቲያን ጓደኛዋን አማከረች። ሴትየዋ ለሦስት ወር ከተሰጣት ላይ የአንድ ወሩን ቆጥራ ሰጠች። እህቴን አታውቃትም። "ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ" ብቻ ነው ያለችው። የሐኪም መድኃኒት እንዲህ መካፈል እንደማይመከር አውቃለሁ፤ ሐኪማችንንም አስቀድመን ነግረናቸዋል። ያን ሰሞን ሌላ መንገድ አላገኘንም።

መድኃኒቱ በመንገደኛ እጅ መጣ። ከመጋቢት 14 ጀምሮ ግን ከውጭ የሚገባ ሰው ሁሉ 14 ቀን ለይቶ ማቆያ ይገባ ነበር። የሚጣ ክኒን ቦሌ አካባቢ ሆቴል ውስጥ ተዘግቶበት፣ እኛ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁጭ ብለን ቀን ቆጠርን። በአሥራ አምስተኛው ቀን ወንድሜ ሄዶ ተቀበለ። እማዬ ፓኬቱን ስማ በሳኒታይዘር ጠረገችው።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ።

እኔ በዚያ ጊዜ ዘበኛዋ ሆንኩ። የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ኃላፊነት መውሰድ ይቀናኛል። በሩን ቆለፍኩ። ጎረቤት እንዳይመጣ ተናገርኩ። እሷን ሳልጠይቅ መሥሪያ ቤቷ ደውዬ ሁኔታዋን ለአለቃዋ ነገርኩ። የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ሆኖ እንዲሠራ ታዝዞ ነበር፤ የሷ ግን የግል ድርጅት ነው። አለቃዋ ቤት ሆና እንድትሠራ ፈቀዱላት። እኔ ድል ያደረግሁ መሰለኝ። እሷ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ሕመሟን መሥሪያ ቤት ደብቃ ኖራለች። "እታለም፣ ከእንግዲህ በሽተኛዋ ነኝ እኮ" አለችኝ። መልሴ "ጤናሽ ይበልጣል" ነበር። ንግግሩን እዚያው ዘጋሁት።

እማዬም እየተጎዳች ነበር። የእድሯ ገንዘብ ያዥ ናት። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የምትደርሰው እሷ ነበረች። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጋቢት 30 ታወጀ። ድንኳን መጣልና መሰብሰብ ተከለከለ። ቢሆንም ሰው በየቤቱ ጎራ ማለቱን አልተወም። እማዬ ብቻ ቀረች። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታተልን። እማዬ ነጠላዋን እንደለበሰች ሳሎን መሐል ቆማ ሌሊቱን አሳለፈችው። ሚጣ ከክፍሏ በር ላይ ሆና ታያታለች። ምን እንደምታስብ ያኔ አልጠየቅኋትም።

ወንድማችን የሜትር ታክሲ ሹፌር ነው። ሥራ ቢያቆም ቤቱ አይበላም። አንድ ማታ ፍራሹን ተሸክሞ ግቢ ውስጥ ወዳለችው ሰርቪስ ቤት ገባ። ማንም አላዘዘውም። ሰሃኑን፣ ብርጭቆውን፣ ፎጣውን ለየ። አምስት ወር እዚያ ኖረ። ማታ ማታ በረንዳው ሥር ቆሞ "ሚጣ፣ ውሻው እንዴት ነው?" ይላታል። እሷም በመስኮት ትመልስለታለች። ከሁላችንም ነገሩ የገባው ለእሱ ይመስለኛል። እኔ እሷን ዘጋሁባት። እሱ ራሱን ነበር ያወጣው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሚጣ አተኮሳት። 38.7። ጉልበቷ፣ እጇ፣ ደረቷ ያማታል። ሉፐስ ሲነሣም ትኩሳት አለው፤ ኮሮናም ትኩሳት አለው። በዓይን አይለይም። ናሙና ሰጠች። ውጤቱ ሦስት ቀን ቆየ። ያንን ሦስት ቀን በእድሜዬ ካየሁት ቀን ጋር አላወዳድረውም። ምግቧን በሩ ሥር አስቀምጬ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ በበሩ አሻግሬ አወራታለሁ። አንዱ ሌሊት ላይ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ልንገርሽ፣ አትቆጪኝም?" አለችኝ።

ሃይድሮክሲክሎሮኪኑን እየዘለለች ትወስድ ነበር። አንድ ቀን ወስዳ፣ አንድ ቀን ትታ። ከሚያዝያ ጀምሮ። እንዳያልቅ ብላ። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ፣ በሳምንታት ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ምንም አልተሰማትም። ስለዚህ የሚበቃት መሰላት። "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። እንዲህ አለች፤ "እማዬ ለቅሶ ቀረች በኔ። ወንድሜ ሰርቪስ ቤት ተኛ በኔ። አንቺ አገር ለአገር ዞርሽ በኔ። ደግሞ መድኃኒቱ አለቀ ብዬ እንዴት ልጨምርባችሁ?"

ከበሩ ማዶ ሆኜ ሰማኋት። ልገባና ላቅፋት አልችልም። አንጀቴ ተላወሰ። ሦስት ወር ሙሉ ሙቀቷን ለክቻለሁ፣ እጇን አስታጥቤያለሁ፣ በሯን ጠብቄያለሁ። ቁጭ ብዬ "ምን ከበደሽ?" ብያት ግን አላውቅም። ስለ ሕመሟ ከሐኪሟ ጋር አወራለሁ፤ ከእሷ ጋር አላወራም። ፍርሃቴን ሁሉ እሷ ላይ ጭኜ ተሸካሚዋን ረሳሁ።

ውጤቱ ነፃ ሆነ። ኮሮና አልነበረም። ውሻው ነበር። ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ታየ፤ ኩላሊቷ ተነክቷል ማለት ነው። የፕሬድኒሶሎኑ መጠን ተጨመረ። እስኪስተካከል እስከ መስከረም ቆየ።

ያ ሁሉ ሲሆን ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለኮሮና እንደማይረዳ እየታወቀ መጣ። እንግሊዝ አገር ብዙ ሺህ ታማሚዎች ላይ የተደረገው ትልቁ ጥናት ሆስፒታል ለገቡ ታማሚዎች ጥቅም እንደሌለው ያስታወቀው ግንቦት 28 ነው። ሰኔ 8 አሜሪካ የሰጠችውን አስቸኳይ ፈቃድ አነሣች። ቀስ በቀስ መድኃኒቱ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። ያ "ለማንኛውም" ተብሎ የተገዛው ክኒን ግን በስንቱ ቤት ኮመዲኖ ውስጥ ጊዜው አልፎ ተጥሎ ይሆን? ይህን ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ደንቡን ሚጣ አወጣች። በራሷ ጽሕፈት፣ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። የቀረ ክኒን ብዛት በየሳምንቱ እሑድ ለሁላችን ይነገራል። እማዬ ለቅሶ ትደርሳለች፤ ማስክ አድርጋ፣ ከውጭ ቆማ፤ ስትመለስም ልብሷን ትቀይራለች። ይህን እኔ አልፈቀድኩም ነበር። ሚጣ "እማዬ ከእድሯ ተቆርጣ እኔ አልድንም" አለች። ለሐኪሟ ራሷ ትደውላለች። የላቦራቶሪ ውጤቷን ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክላቸዋለች። ለምርመራ ስትሄድ ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ ነው። ስለ ሕመሟ ለማን እንደሚነገርም እሷ ትወስናለች። እዚያ ላይ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ለእኔ መሆኑን አውቄያለሁ።

እማዬ አንድ ነገር ሳትናገር ቆይታ አንድ ቀን አነሣችው። ጠበል። መድኃኒቱ ካልበጀ ሽንቁሩ ሚካኤል ልውሰድሽ አለቻት። ከሁለት ዓመት በፊት ቢሆን እጮህባት ነበር። ሚጣ ግን ቀስ ብላ "ጠበሉን ቤት አምጪልኝ፣ ክኒኔን የምውጥበት እሱ ይሁን" አለቻት። በኤችአይቪ ጊዜም ቤተክርስቲያን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል አስተምራለች። እማዬ ደስ አላት። ጠበሉን እያፈላች በጠርሙስ ታስቀምጥላት ጀመር። ሚጣ ክኒን የመዋጫ ሰዓት ረስታ አታውቅም፤ ጠበሉን ይዛ የምትቆመው እማዬ ናትና።

የጠያቂዎቹ ነገርስ? ሚጣ የአንዷን ጎረቤታችንን ስልክ ደውላ "እትዬ፣ ናፍቀውኛል፤ ግቢው በር ላይ ይምጡ፣ እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ እናውራ" አለቻቸው። ቅዳሜ መጡ። የሚቀመጡበትን የራሳቸውን ዱካ ተሸክመው። ያኔ በቴሌቪዥን ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ ይባል ነበር፤ እሳቸው አሥር ያህል ራቁ። እማዬ ቡናውን መሃል ላይ አፈላች። ሲኒያቸውንም ከቤታቸው ነው ያመጡት። ሦስተኛውን እስኪጠጡ ጮክ እያሉ አወሩ፤ መንገደኛ ሁሉ ወሬያችንን ሰማ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ሆኑ። አንዷ ያመጡትን ሙዝ አጥሩ ላይ ሰቅለው ሄዱ። አንድ ቀን ያች ፌጦ የላከችው ጓደኛዋ መጥታ ከሩቅ "ምን ላምጣልሽ?" አለቻት። ሚጣ "የፀሐይ ባርኔጣ፣ ሰፊ ክብ ያለው" አለች። አመጣችላት። እስካሁን ታደርገዋለች።

ክትባቱ አገራችን ውስጥ መሰጠት የጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ታማሚ ከተነገረ ልክ በዓመቱ። አስትራዜኔካ ነበር። ቅድሚያ ለጤና ባለሙያዎች ተሰጠ፤ ቀጥሎ አረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሆኑ። ሚጣ ፈርታለች። ክትባቱ ውሻውን ቢቀሰቅስብኝስ አለች። እኔ ምንም አላልኩም፤ ሐኪሟን ጠይቂ ብቻ አልኳት። እሳቸው ክትባቱ በሰውነት ውስጥ የሚራባ ቫይረስ እንዳልሆነ አስረዷት። መድኃኒቶቿ የክትባቱን ጉልበት ሊቀንሱት እንደሚችሉም ነገሯት። ስለዚህ ዙሪያዋ ያለው ሰው መከተቡ እንደሚጠቅማት አከሉ። ተራዋ ሲደርስ ተከተበች። ወንድሜ ተራው ሲደርስ ሥራ ፈትቶ ወረፋ ያዘ። እትዬም ከእድሩ ሴቶች ስድስቱን ይዘው ሄዱ። "ለኔ ብቻ አይደለም፣ ለሚጣም ነው" ብለው ለነርሷ እንደነገሯት እማዬ ነግራኛለች።

ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አበቃ አለ። አዲስ አበባ ከዚያ በፊት ረስታዋለች። ታክሲው ሞልቷል፣ ለቅሶው ሞልቷል፣ ማስክ የሚያደርግ ሰው የለም። የሚጣ ሕመም ግን አላበቃም። አሁንም ጉንፋን የያዘው ሰው አጠገቧ ሲያስል ትነሣለች። ታክሲ ውስጥ ማስክ ስታደርግ ዞር ብሎ የሚያያት አለ።

ባለፈው ወር እትዬ መጡ። እኔ ልብስ አሰጣ ላይ ነበርኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ቢገፉት ይከፈታል። ሰባት ቤት ተሻግረው፣ ሙዝ በፌስታል ይዘው፣ ደፉ ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉና ወደ በረንዳው ተጣሩ።

"ሚጣዬ፣ ትናንት ትንሽ አስሎኝ ነበር። ልግባ ወይስ ዱካዬን ላምጣ?"